የነቀዙን መድኃኒት የገዛ ሰው

የቦንቱን ደብዳቤ ከእሷ በፊት ሌሎች ሦስት ሰዎች ልከውታል። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ያው አባት፣ ያው በቆሎ፣ ያው ሞት፣ አንድ ቃል ሳይነካ፣ ስምና ስልክ ቁጥር ብቻ እየተቀየረ፣ አዲስ አበባ ላሉ አንድ መምህር አራት ጊዜ ደረሳቸው። የእሷ አራተኛው ነበር።

ይህን ያወቀችው ዓርብ ረፋድ ላይ፣ በምትሠራበት የጉቶ ጊዳ ገጠር፣ የግብርና ጣቢያው አጥር ሥር ቆማ ነው። ኔትወርክ የሚገኘው እዚያች አጥር ሥር፣ ያውም አንድ እግር ድንጋይ ላይ ተሰቅሎ ስለሆነ፣ ኢሜይሉን በአንድ እግሯ ቆማ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ለኃላፊዋ "ቤት ሰው ታሞብኛል" ብላ ዋሸች፤ ዋናው መንገድ ድረስ በጭቃ ወጣች፤ ባጃጅ ይዛ ነቀምቴ ገባች። ጭቃ የበላው ቦት ጫማዋን ሳታራግፍ ፋይዛ ሱቅ በር ላይ ቆመች።

ፋይዛ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ አላት። ሱቁ የአባቷ ነበር፤ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚያው መደርደሪያ ላይ አቡጀዲ ሲሸጡ ኖረው፣ ሲደክማቸው ለልጃቸው ለቀቁላት። እሷ ጨርቁን አውጥታ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ትልቅ የኮፒ ማሽን አስገባች። ነቀምቴ ውስጥ ሥራ የፈለገ፣ መሬት የተወሰደበት፣ ዝውውር የጠየቀ፣ ከሚስቱ የተፋታ ሁሉ ማመልከቻውን የሚያስጽፈው እዚህ ነው።

"አካም ጂርታ ቦንቱዬ! ዛሬ ቅዳሜ ነው እንዴ?" አለች ፋይዛ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ቀና ብላ። ቦንቱ ከገጠር የምትመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር።

"ደብዳቤዬን ለነማን ሰጠሽው?"

"የቱን ደብዳቤ?"

"ፋይዛ!"

"እ፣ እሱን ነው? እኔ ደግሞ ምን ሆነች ብዬ ደነገጥኩ። ቀይሬ ነው እኮ የሰጠኋቸው። ያንቺ ስም የትም ቦታ የለም።"

"ስሜን መች ጠየቅሁሽ? ለነማን ሰጠሽው ነው ያልኩሽ።"

"ለሁለት መምህሮች። አንዱ ያ የጎጃሙ ጫንያለው ነው፤ አንዱ ጓደኛው ነው። እነሱም ለማስተርስ ሊያመለክቱ ነው። እንግሊዝኛው አስቸግሯቸው 'ጥሩ ደብዳቤ የለሽም ወይ?' አሉኝ። አለኝ አልኩ። ምን ልበል? ጥሩ ደብዳቤ ነዋ! ስተይበው እኔ ራሴ አልቅሻለሁ።"

"ደብዳቤው ውስጥ የሞተው አባቴ ነው።"

"አውቃለሁ የኔ እናት።"

"የጫንያለው አባት ሞተዋል?"

ፋይዛ ትንሽ አሰበች። "እንዴት ይሞታሉ? ባለፈው ሳምንት ሊጠይቁት መጥተው እዚህ መታወቂያቸውን ኮፒ አስደርገዋል።"

"በደብዳቤው ግን ሞተዋል። የነቀዝ መድኃኒት ገድሏቸው።"

ፋይዛ በሻርፗ አፏን ያዘች። ይሳቅ ይደንገጥ ራሷም አልለየችውም።

ለፋይዛ ማመልከቻ እንደ ወንፊት ነው፤ ጎረቤት ሲቸግረው ይዋሳል። ኮምፒውተሯ ላይ "ጥሩ ጥሩ" የሚል ፎልደር አላት። የዝውውር፣ የይዞታ፣ የመብራት ቆጣሪ፣ ለባለቤቶቻቸው የሠመሩላቸው ማመልከቻዎች ሁሉ እዚያ ተቀምጠዋል። ስም ይቀየራል፣ ቀን ይቀየራል፣ ይታተማል። ቢሮዎቹ ያንኑ ማመልከቻ በየሳምንቱ ሲያነቡ "ይኼን አላነበብኩም እንዴ?" ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ይኼኛው ግን ለቢሮ የተጻፈ አልነበረም። መምህሩ ያሉበት የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ በየክረምቱ አንድ ሰኞ የማስተርስ አመልካቾችን ግቢው ድረስ ይጠራል፤ ቤተ ሙከራውን ያሳያል፣ ከመምህራን ጋር ያስተዋውቃል። ማስታወቂያው ላይ ታዲያ፣ ከጉብኝቱ በፊት ሊያማክራችሁ የምትፈልጉትን መምህር ራሳችሁ ጽፋችሁ አግኙ፣ መምህሩ "ና" ያላለው ሰው ባይለፋ ይሻላል ይላል። ቦንቱ የፈለገቻቸው በእህል ተባይ ላይ የሚሠሩትን ዶክተር አበጋዝን ነበር። ዶክተር አበጋዝ ዘንድሮ የሚቀበሉት አንድ ተማሪ ብቻ ነው።

ደብዳቤውን ለመጻፍ ሦስት ቅዳሜ ፈጀባት። ገጠር ኮምፒውተር የለም፤ በስልክ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም። አባቷ በቆሎውን ከነቀዝ ለማዳን ሲል እንዴት እንደሞተ ጻፈች፤ ከዚያ ወዲህ በሃያ ሁለት ገበሬዎች ቤት እየዞረች ነቀዝ ስትቆጥር መክረሟን ጻፈች። ሲያልቅም ወዲያው አልላከችውም። "እዚሁ ይቆይ፤ በሚመጣው ቅዳሜ አንድ ዓረፍተ ነገር አይቼ እልከዋለሁ" ብላ ሄደች። ዓረፍተ ነገሩ "መድኃኒቱን ገዝቼ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ" የሚለው ነበር። በሚመጣው ቅዳሜ መጣች፣ አየችው፣ ምንም ሳትነካ ላከችው።

"ሦስተኛውስ?" አለች አሁን።

ፋይዛ የኮፒ ማሽኑን ክዳን ከፍታ ዘጋች። "ሦስተኛው የቱ?"

"መጀመሪያ የወሰደው።"

"ወንድምሽ ነዋ! ማክሰኞ መጣ። 'ቦንቱ ምን ጻፈች፣ እስቲ አሳዪኝ' አለኝ። ቀነአን ምን ብዬ እከለክለዋለሁ? ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ደገመው። ከዚያ 'ስሙን በእኔ ቀይሪልኝ' አለኝ። ሁለታችሁም ልታመለክቱ ተነጋግራችሁ መሰለኝ። ወላሂ ቦንቱ!"

ቦንቱ ስልኳን አውጥታ ኢሜይሉን ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላት።

"'ቃል በቃል አንድ የሆኑ አራት ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። የሁለቱ ጸሐፊዎች የአባት ስም አንድ ነው። ወንድምና እኅት ብትሆኑ እንኳ መድኃኒቱን የገዛው አንድ ሰው ነው። ቀድመው የጻፉልኝ አቶ ቀነአ ባቻ ስለሆኑ ሰኞ የማነጋግረው እርሳቸውን ነው። ስህተት አለ የሚሉ ከሆነ እስከ ዛሬ ማታ ያስረዱኝ። ከሌለ ግን ባይመጡ ይሻላል።'"

"እስከ ዛሬ ማታ ብለዋል እኮ!" አለች ፋይዛ ወንበሯን እየሳበች። "ጻፊላቸዋ! ቁጭ በይ፣ አሁኑኑ እተይብልሻለሁ። የሟች ልጅ እኔ ነኝ፣ እሱ..." ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ "እሱ እኮ ጉዲፈቻ ነው። ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሥጋ ልጅ አይደለም ብለሽ ጻፊ። አንድ መስመር ናት።"

ቦንቱ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ እኔ ላስተካክለው፣ እባክሽ።"

"በስልኬ እጽፈዋለሁ" አለች ቦንቱ። "ያንን ፎልደር ግን አጥፊው።"

"ሙሉውን?"

"አባቴን አውጪልኝ። ሌላው ይቆይ።"

ባጃጁ ውስጥ ገብታ ወደ ቤት አለች። ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ሾፌሩ ላስቲኩን አወረደላት። በጨለማው ውስጥ የስልኳን ፊደል እየነካካች "ክቡር ዶክተር፤ ቀነአ ባቻ የሟች ልጅ አይደለም" ብላ ጻፈች። ቀላል ነበር። ይህን ያህል ይቀላል ብላ አላሰበችም።

አባቷ ቀነአን ከሩቅ ዘመዱ ቤት ያመጣው ልጁ ገና ድክ ድክ ሲል፣ እሷ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፣ ተመረቀ፣ ተበላ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ቀነአ ባቻ ሆነ። በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ ልጅ ነው፤ "የመጣ" ማለትም ነውር ነው። ቦንቱ በሰባት ዓመቷ፣ በእሸት ተጣልተው፣ "ሂድ ወደ አባትህ ቤት" አለችው። አባቷ ከእርሻው ጠርዝ ሰምቶ መጣና በጥፊ መታት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መትቷት አያውቅም።

ጣቷን ወደ ሁለተኛው መስመር ወሰደች። "መድኃኒቱን የገዛሁት..." ብላ ጀመረችና መልሳ አጠፋችው።

የዛሬ ሦስት ዓመት በቆሎው በደንብ ደርሶ ነበር። ጊዜው ግን ሌባውም ጠመንጃውም የበዛበት ስለነበር አባቷ ጆንያዎቹን ከጎተራ አንሥቶ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ደረደራቸው። ነቀዝ ገባባቸው። አንድ ሰው አኖ ገበያ ደርሶ ሲመለስ፣ ከአንድ አዟሪ በጋዜጣ የተጠቀለለ የነቀዝ መድኃኒት ገዝቶ መጣ። እንዴት እንደሚያዝ፣ ምን እንደሚያደርግ የሚል አንድም ፊደል አልነበረበትም። አባቷ ጋዙ ሰው የሚገድለውን የመድኃኒት ፍሬ በየጆንያው ከተተ፤ በሩንም መስኮቱንም ዘግቶ አጠገባቸው ተኛ። እናቷ ለቅሶ ሄዳ ሌላ ቦታ ነበር ያደረችው። ጠዋት መጥታ በሩን የከፈተችው እሷ ናት።

መድኃኒቱን ከአኖ የገዛው ቀነአ ነበር። ያኔ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ከገበያው መሀል ሆኖ ደውሎላት ነበር፤ "የነቀዝ መድኃኒት አገኘሁ፣ ልግዛ?" አላት። ስብሰባ ላይ ነበረች። "ግዛ፣ ግዛ" ብላ ዘጋችው። የግብርና ምሩቅ ናት። "ሰው ከሚተኛበት ክፍል አታስገቡት" ለማለት አራት ቃል ይበቃት ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳን ውስጥ፣ የአባቷ አጎት "ይኼን መርዝ ማነው ቤት ያስገባው?" ብለው ጠየቁ። ቀነአ የእጅ ማስታጠቢያ ይዞ መሀል ላይ ቆሟል። ጥግ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ቀና ብለው አዩት፤ አንደኛዋ ለሌላዋ ጆሮ ስታዘነብል ቦንቱ አየቻት። ምን ልትል እንደሆነ አወቀች። 'የሰው ልጅ ነው፣ የባቻ አይደለም' ልትል ነው።

"እኔ ነኝ" አለች ቦንቱ።

ግብርና የተማረችው እሷ ስለሆነች ሁሉም አመናት። እናቷም አመነቻት። ቀነአ ማስታጠቢያውን ይዞ ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፈ።

ሰው ሦስት ዓመት የተሸከመውን ነገር የራሱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ደብዳቤውን ስትጽፍ "እኔ ነኝ" የሚለው ሳይጠራ መጣ። ዓረፍተ ነገሩ ጠንካራ ነበር፤ ደብዳቤውን ያቆመው እሱ ነው። ያን እያወቀች ነው የተወችው።

ባጃጁ ቆመ። መልእክቱን ሳትልከውም ሳታጠፋውም ወረደች።

እናቷ ሸዋገነት ከዚያ ወዲህ ገጠር አልኖርም ብላ፣ ከሆስፒታሉ በላይ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ ከቀነአ ጋር ትኖራለች። በዚህ ቤት በር አይዘጋም። የግቢው በር ይቆለፋል እንጂ የቤቱ በር ብርድ ሆነ ዝናብ ሆነ፣ ማታም ቢሆን፣ በድንጋይ ተደግፎ ክፍት ነው። አሁንም ወጨፎው ምንጣፉ መሀል ድረስ ገብቷል፤ ሸዋገነት ተንበርክካ ውኃውን በጨርቅ እየጠረገች ነበር።

"ማነው? ቦንቱ? በዓርብ?"

"እኔ ነኝ እማ።"

"ጫማሽን እዚያው አውልቂ።" ተነሥታ መጣች። ከመሳሟ በፊት አፍንጫዋን ወደ ልጇ ኮሌታ አስጠጋች። "ልብስሽ ምን ምን ይላል?"

"ጭቃ ጭቃ።"

"መድኃኒት ነክተሽ እንዳይሆን።"

"አልነካሁም።"

"ለማንኛውም እጅሽን ታጠቢ።" ከዚያ ሳመቻት።

ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። ሸዋገነት ልጇን አንድ ቀን እንኳ ወቅሳት አታውቅም። ታሸታታለች እንጂ። ቦንቱ ከገጠር የምታመጣውን ዱቄት ታሸታለች፣ ጤፉን ታሸታለች፣ ማር እንኳ ታሸታለች።

"ወንድምሽ ነገ ሊሄድ ነው፤ ነገረሽ? አዲስ አበባ ዶክተሩ ራሳቸው ጠርተውት! ምናለ አንቺም አብረሽ ባመለከትሽ። ነው ወይስ አመልክተሻል?"

"ውስጥ ነው?"

"ልብሱን እየተኮሰ ነው። ንገሪው እስቲ፣ ሸሚዙን ያቃጥለዋል።"

ቀነአ አልጋው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፎ ነጭ ሸሚዝ ይተኩሳል። ከተመረቀ ዓመት ሆኖታል፤ እስካሁን የሰው ባጃጅ ነው የሚነዳው። እኅቱን ሲያያት ካውያውን አቆመ። በዓርብ መምጣቷ ሁሉንም ነገረው።

"መልስ መጣልሽ?"

"መጣልኝ። ባይመጡ ይሻላል ይላል።"

ቀነአ ሸሚዙን ገለበጠ። እጅጌውን መተኮስ ጀመረ።

"ቃል በቃል ነው ቀነአ። አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ አልቀየርክም። ለሌብነት እንኳ ሰነፍ ነህ።"

"ልሰርቅሽ አልሄድኩም።"

"እና ፋይዛን ልትጠይቅ ነው የሄድከው?"

"ምን እንደጻፍሽ ለማየት ነው የሄድኩት። እኔም ላመለክት አስቤ ነበር፣ እንዴት እንደሚጀመር አላወቅሁም። ከፈተችልኝ፤ ቆሜ አነበብኩት። ስለ አባ የጻፍሽውን፣ በቆሎውን በጥርሱ ሰብሮ ሲቀምስ ያለውን ሁሉ፣ እየሳቅሁ ነበር የማነበው። ከዚያ እዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ደረስኩ።"

ቦንቱ የትኛው ብላ አልጠየቀችም።

"ለቅሶው ላይ ለእኔ ስትዪ ነው ያልሽው" አለ ቀነአ። ድምፁ እንዳይሰማ ወደ እሷ ጠጋ አለ። "እስክሞት አልረሳልሽም። ዶክተር አበጋዝ ግን ማን ገዛው ብለው ጠይቀውሻል? እሳቸው ፊት ለማን ብለሽ ነው? የእኔን ኃጢአት ትምህርት ቤት ልትገቢበት አወጣሽው።"

"አንተስ ምን አደረግክበት?"

"መለስኩት። ስሜን ሳስገባበት ደብዳቤው እውነት ሆነ።"

ከጉቶ ጊዳ ጀምሮ ያዘጋጀችው ስድብ ነበር፤ ብዙ ነበር። አንዱም አልመጣላትም። ካውያው ሸሚዙ ላይ መቆየቱን አይታ አነሣችው።

"ኃጢአትህን ስትመልስ ቦታውንም ደርበህ ወሰድከው" አለችው። "እሺ ይሁን። ያንተ ነው ካልክ ያንተ ነው። ለእማ ንገራት።"

"ምኑን?"

"ለማታውቀው ሰው በእንግሊዝኛ ጽፈህለታል። ለእናትህ በአማርኛ ንገራት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ንገራትና ሂድ።" ከቦርሳዋ ጠርዙ የተበላ ትልቅ ደብተር አውጥታ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። "ይኼንንም እሰጥሃለሁ። የሁለት ዓመት ቆጠራ ነው፣ የሃያ ሁለት ቤት። ሰኞ ነቀዙን እንዴት ነው የቆጠርከው ሲሉህ ምን ልትል ነው? ባጃጅ ላይ ሆኜ?"

"ካልነገርኳትስ?"

ቦንቱ ስልኳን ከፍታ አሳየችው። ቀነአ አነበበው። አንድ መስመር ስለሆነ ወዲያው መጨረስ ነበረበት፤ ዓይኑ ግን ከመስመሩ ላይ አልነሣ አለ። ቀስ ብሎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

"ጻፍሽው" አለ።

"ጻፍኩት።"

"አባ ቢሰማሽ..."

"በጥፊ ይመታኝ ነበር። አውቃለሁ።"

"ምን ታንሾካሽካላችሁ እናንተ?" ሸዋገነት ጥቁር ካፖርት በክንዷ ላይ አንጠልጥላ ገባች። "ተነሥ እስቲ። ይኼን ልበስ፤ አዲስ አበባ በዚህ ክረምት ይበርዳል። የአባትህ ነው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለአንተ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።"

ቀነአ ተነሣ። እናቱ ካፖርቱን አለበሰችው፣ ትከሻውን በእጇ ጠራረገች፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ አየችው።

"ቁርጥ አባቱን!" አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። "ትከሻውን እዪልኝ ቦንቱ። ቁርጥ ባቻን!"

ቦንቱ አየችው። ካፖርቱ ልኩ ነበር።

"እማ" አለ ቀነአ።

"ወይ።"

"አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።"

"ምን ልጄ?"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሸዋገነት ደህና ወሬ እንደሚሰማ ሰው እጆቿን አጣምራ ቆመች። ቀነአ እኅቱን አየ፣ ደብተሩን አየ፣ የካፖርቱን ቁልፍ ቆለፈና ፈታ።

"ያኔ... አባ..." አለ።

"እ?"

"ካልሲዬ ጠፋብኝ" አለ ቀነአ። "ግራጫው።"

"አንተ ደግሞ! ሞት የመጣ አስመሰልከው እኮ! አጥቤው ገመድ ላይ ነው፤ ቆይ።" ሸዋገነት እየሳቀች ወጣች።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ቀነአ አንገቱን ደፍቷል፤ ካፖርቱን አላወለቀውም። ቦንቱ ስልኳን አነሣች። ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞራ መልእክቱን አንድ ጊዜ አነበበችው። ዶክተር አበጋዝ ትክክል ናቸው፤ መድኃኒቱን የገዛው አንድ ሰው ነው። ደብዳቤው የእሷ እንዲሆን መድኃኒቱን የገዛችው እሷ መሆን አለባት። እሷ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አልገዛችም። መልእክቱን ከመጨረሻው ፊደል ጀምራ፣ "አይደለም" የሚለውን፣ "ልጅ" የሚለውን፣ "የሟች" የሚለውን፣ እስከ መጀመሪያው አጠፋችው። ምሕረት ያደረገች አልመሰላትም። እጇ ብቻ ቀለላት።

ከዚያ ደብተሩን ከአልጋው ላይ አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ደብተሩን..." አለ ቀነአ፣ ቀና ሳይል።

"ይኼኛው የእኔ ነው።"

"ሰኞ ምን ልበላቸው?"

"እውነቱን። በእንግሊዝኛ ታውቅበታለህ።"

ወደ ውጭኛው ክፍል ወጣች። ሸዋገነት ግራጫውን ካልሲ እየጨመቀች ነበር፤ ቦንቱ ቦት ጫማዋን ስታጠልቅ አይታ ደነገጠች።

"የት ልትሄጂ ነው? ምሳ ሳትበዪ? ወንድምሽን ሳትሸኚ?"

"ወደ ሥራዬ።"

"በዚህ ዝናብ? ኧረ ቆዪ! ቢያንስ ... እጅሽን ታጥበሻል?"

ቦንቱ ሁለት እጆቿን ወደ እናቷ ዘረጋች። መዳፎቿን ገልብጣ አሳየቻት፣ መልሳ አገላበጠቻቸው።

"እጄ ላይ ምንም የለም እማ" አለች። "ኖሮም አያውቅም።"

ሸዋገነት እጆቹን አየች፤ የልጇን ፊት አየች፤ ከዚያ፣ አንድ ነገር እንደሸተታት ሰው፣ ቀስ ብላ ወደ ውስጠኛው ክፍል ዞረች። ቀነአ በአባቱ ካፖርት በሩ ላይ ቆሟል።

ቦንቱ በሩን የደገፈውን ድንጋይ በእግሯ ገፋችው።

"ቦንቱ፣ በሩን እንዳትዘጊው!" ጮኸች እናቷ። "በሩን!"

ወጣች። በሩ ሦስት ዓመት ሙሉ ዝናብ ጠጥቶ አብጧል፤ መጀመሪያ እምቢ አላት። እጀታውን በሁለት እጇ ያዘች፣ እግሯን ደፉ ላይ ተከለች፣ በሙሉ ክብደቷ ሳበችውና ዘጋችው።